ክንዷ ላይ ያለው ነገር ክታብ አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ጎንደር ውስጥ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ስኳር አለባት። አሜሪካ ያለች አክስቷ የላከችላት መለኪያ ክንዷ ላይ ተለጥፏል፣ ቁጥሩን በስልኳ ነው የምታየው። ልጆቹ «ክታብ አሰረች» እያሉ ያስቸግሯታል። ባለፈው ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ስልክ ክልክል ነው ብሎ ነጠቃት። ለክፍሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ስኳር በሽታ ላስተምር አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? እሷን እንዳላሳፍራትም ፈርቻለሁ።
መምህሩ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መምህር፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሁሉ በፊት ስልኩ ይመለስላት። ዛሬውኑ። ለእሷ መለኪያዋ ነው፣ ከእጇ መለየት የለበትም። ርእሰ መምህሩና የሚያስተምሯት መምህራን ሁሉ ይህን ይወቁ።

ከዚያ ልጅቷንና እናቷን ለብቻ ያናግሯቸው። «ስለ ስኳር ላስተምር ነው፣ ስምሽን ላንሳ ወይስ ልተወው?» ይበሏት። ተወው ካለች ይተዉት፣ ትምህርቱ ያለ እሷም ይሄዳል። አንዳንድ ልጅ ግን ራሱ ወጥቶ ማሳየት ይፈልጋል፤ ከፈለገች ሰሌዳውን ይልቀቁላት።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ እኔ ብሆን ከቆሽት አልጀምርም። ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ነው ቀድሜ የማስተምረው። ይህን የምለው በቤታችን ስለደረሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል እያለ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ስኳሩ ወረደ። ደብተሩ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፤ ወደ ታች ሲመጡ መስመር እየለቀቁ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻዋ 4 እስከ ገጹ ጠርዝ ተጎትታለች። ላብ አጥምቆታል፣ ሲጠየቅ የሚመልሰው አይገናኝም። መምህሩ ጠጥቶ የመጣ መሰላቸውና አስወጡት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፣ መነሳት አቃተው። ያዳኑት የጥበቃው አባባ ናቸው። የባለቤታቸውን አይተው ስለሚያውቁ ወዲያው ገባቸው፣ የያዙትን ሻይ ስኳር ጨምረው አጠጡት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ እያየው ነበር እኮ፣ ምን እንደሆነ ያወቀ ግን አንድም አልነበረም።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በትልቁ 70 ብለው ይጻፉ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ስኳሯ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፤ ይህ ወደ 15 ግራም ስኳር ይሆናል። ስኳር የሌለበት ለስላሳ አይሠራም። 15 ደቂቃ ጠብቃ እንደገና ትለካለች፣ ካልወጣ ይደገማል። ቆሎና ዳቦ ቀስ ብለው ስለሚሠሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። መለኪያ በእጅ ከሌለና ምልክቱ ከታየ መለኪያ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፣ ስኳሩን ይስጡ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይገባም፤ በጎኗ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። «መድኃኒቷን እንውጋት» የሚል እንዳይመጣ፣ ኢንሱሊን ስኳሩን ይብስ ያወርደዋል። ይህቺን ሁለቴ ሦስቴ ያስደግሟቸው።

ይህ ከገባቸው በኋላ ቆሽት ይምጣ። ሊዮናርድ ቶምፕሰንን ይንገሯቸው፣ ከእነሱ ብዙም አይበልጥም። በፈረንጆቹ ጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ነው። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልሠራም፤ ከ12 ቀን በኋላ ይበልጥ የጠራ ተሰጠውና ከመጠን በላይ የነበረው ስኳሩ ወረደ። ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ እየከሳ ይሞት ነበር። በልጅነት በብዛት የሚመጣው ይኸው ዓይነት ሰውነት ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ራሱ ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው፣ ከረሜላ በመብላት አይደለም። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብም ካለ ይሂድ፣ ኢንሱሊኑን ግን አያቋርጥ።

አሁን ወደ ክንዷ። ከተለጠፈው ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች ነገር ቆዳ ውስጥ ገብታለች። የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከደሙ ትንሽ ትዘገያለች፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል። ልጆቹ ይህን ከምጣድ ያውቁታል፤ እንጨት ሲጨመር ምጣዱ ወዲያው አይግልም፣ እሳቱ ሲወጣም ወዲያው አይበርድም። ደሟ እሳቱ ነው፣ ፈሳሹ ምጣዱ። ስልኩ 85 ብሎ ቀስቱ ወደ ታች ቢያመለክትና ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ከሆነ ደሟ ቀድሞ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ጣቷን ወግታ ትለካ።

የጣቱንም ያስተምሩ፤ የተለጠፈው ከ10 እስከ 15 ቀን ነው የሚያገለግለው፣ አክስቷ ካልላከች ወደ ጣት መመለሷ አይቀርም። የደም ጠብታው የሚነካት ትንሿ ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም ከደሟ ስኳር ጋር ሲገናኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ማሽኑ ያንን ነው ወደ ቁጥር የሚቀይረው። ማንጎ የበላ እጅ ሳይታጠብ ከተለካ ቁጥሩ ያለልክ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ብለው ግን ልጆቹን እንዳይወጉ፤ በአንድ መርፌ ሁለት ሰው መውጋት ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ 8ኛ ክፍል ነኝ። ጓደኛዬ ስኳር አለባት፣ ሁሌም በአንድ ኮዳ ነው ውኃ የምንጠጣው። ይይዘኛል?
ከማራኪ

መልስ፦ አይይዝሽም የኔ ቆንጆ፣ ስኳር አይተላለፍም። አብራችሁ ጠጡ፣ አብራችሁ ብሉ። ስፖርት ባላችሁ ቀን ግን ኪስሽ ውስጥ አራት አምስት ከረሜላ ያዢላት፤ ስትሮጡ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል።