ጥያቄና መልስ፦ «አመለካከትህን ቀይር፣ ደስታ ታገኛለህ» የሚለው ምክር ከእምነታችን ጋር ይስማማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። እኔና ጎረቤቴ በአንድ ዓመት እሸት ቡና እየገዙ ማድረቅ ጀመርን። እርሱ ቤት ሠርቷል። እኔም ዕዳ የለብኝም፣ ልጆቼም አልተራቡም፤ ልቤ ግን አይረካም። አንድ ጓደኛዬ በስልኩ አንድ ትምህርት ያስደምጠኛል፦ «አመለካከትህን ቀይር፤ ‹እኔ› የሚባል ነገር የለም፤ እኛም እግዚአብሔርም አንድ ነን» ይላል። ገሚሱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ይመሳሰልብኛል። ምን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያደናገረህ ገሚሱ እውነት ስለሆነ ነው። ሐሰቱ ለብቻው ቢመጣ ኖሮ ባላስጨነቀህ።

እውነቱን እናስቀድም። ጌታ «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» ብሏል (ማቴ. 6፥22)። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ያንተን ጉዳይ ታገኘዋለህ። የወይኑ ባለቤት በማለዳ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ሠራተኞች ቀጠረ። (አቆጣጠሩ እንደኛው ነው፤ በ11 የገባው ሰው ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው ሥራ የጀመረው።) የማለዳዎቹ የተስማሙት በ1 ዲናር ነበር፤ የዘመኑ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ያንኑ 1 ዲናር ተቀበሉ፤ ከውላቸው ምንም አልጎደለም። ያጉረመረሙት በ11 ሰዓቱ ሰው እጅ ላይ ተመሳሳይ ዲናር ሲያዩ ነው። ባለቤቱም ነገሩን ወደ ዓይናቸው መለሰው፦ «ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» የጎረቤትህ ጣሪያ ከፍ ሲል ያንተም ዲናር አላነሰም።

ታዲያ ዓይን «ቀይረው» ስለተባለ አይቀየርም። ጓደኛህ የሚያስደምጥህ ትምህርት የሚጎድለው ይኼ ነው፤ ያዝዛል፣ አያለማምድም። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ሲል ጻፈ (ፊልጵ. 4፥11)። «ተምሬአለሁ» የሚለውን ልብ በል። እንደ ዜማ ትምህርት ነው፤ በአንድ ቀን አይያዝም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ማታ ከመተኛትህ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ቁም። ከአባታችን ሆይ በኋላ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» የሚለውን የምስጋና ጸሎት በዝግታ አድርስ። ጸሎቱ እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው በግስ ነው፦ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱ አቅርቦናልና፣ እስከዚህች ሰዓትም አድርሶናልና ይላል። በእያንዳንዱ ግስ ላይ ቆም በልና ከዛሬው ቀን አንድ ነገር አስገባበት። «ሸፍኖናልና» ስትል፣ ዝናቡ ሳይደርስ የተሸፈነውን የማድረቂያ አልጋ አስብ። «ጠብቆናልና» ስትል፣ ከትምህርት ቤት በደኅና የተመለሱትን ልጆች። ቀጥለህ የዕለቱን አንድ በደል ለንስሐ አባትህ በምትናገርበት አኳኋን ሳታለሳልስ ጥራው። በመጨረሻ ለጎረቤትህ በስሙ ጸልይለት፤ ሙስሊም ቢሆንም እንዲሁ አድርግ። መጀመሪያ ላይ አፍህ ይላል፣ ልብህ አይልም። ይህ የተለመደ ነው፤ አትደንግጥ፣ አታቋርጥም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ብትጀምርና እስከ ልደት ብትዘልቅ መልካም ነው፤ ለቀማውና ሽያጩ በሚደራበት ወቅት ስለሆነ ፈተናው ባለበት ትለማመዳለህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ከእገሌ ስለምሻል ተመስገን» ይላል። ይህ የፈሪሳዊው ጸሎት ነው (ሉቃ. 18፥11)። ሚዛኑ ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው የተቀመጥህበት ወገን ብቻ ነው። ነገ ደግሞ የሚበልጥህ ሰው ይመጣና ምስጋናው ያልቃል።

ሌላው ስሕተት ያዘነን ሰው «በጎ በጎውን አስብ» ብሎ ዝም ማሰኘት ነው። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለህ፣ እጅህም ለሥራ ካልታዘዘህ፣ ይህን የአመለካከት ጉድለት አትበለው። እዚያው ጅማ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ጸበል ስትጠመቅም የታዘዘልህን መድኃኒት አታቋርጥ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «‹እኔ› የሚባል የለም» የሚለው የእኛ ትምህርት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ «እኔም አሁን ሕያው ሆኜ አልኖርም ክርስቶስ ግን በእኔ ይኖራል» ካለ በኋላ፣ እዚያው ቁጥር ላይ «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው» ይላል (ገላ. 2፥20)። የሚወደድ «እኔ» ከሌለ ማን ተወደደ? ራስን መካድ ማለት ሁሉ ነገር በእኔ ዙሪያ ይዙር የሚለውን አሳብ መተው ነው እንጂ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው መሰረዝ አይደለም።

አንድነትም አካልን አያጠፋም። ቅድስት ሥላሴ በባሕርይ አንድ ሲሆኑ በአካል ሦስት ናቸው። በክርስቶስም መለኮትና ሥጋ የተዋሐዱት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ነው፤ አባቶች በእሳት የጋለ ብረትን ምሳሌ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የእኛ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን ግን እንደዚያ አይደለም፤ የጸጋ ነው። ፈጣሪ ፈጣሪ ነው፣ ፍጡርም ፍጡር። «እኛም እግዚአብሔርም አንድ ነን» የሚለው ይህን ድንበር ያፈርሳል።

ደግሞም አንድነቱ አስበን የምንደርስበት ሳይሆን የምንቀበለው ነው። በቅዳሴ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ» እንላለን፤ በመንፈስ ቅዱስህ አንድ እንሆን ዘንድ ስጠን ማለት ነው። «ስጠን» ነው ቃሉ። ስለዚህ ንስሐ ግባ፤ የንስሐ አባትህ ሲፈቅዱልህ 18 ሰዓት ጹመህ፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው አስቀድሰህ ቁረብ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፤ ወደ ጎን አንገት መስበር ብቻ አይበቃም። የተቀየምኸው ካለ፣ ማቴ. 5፥23-24 መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይልሃል።

በጠፋው ልጅ ታሪክ ታላቁ ልጅ «ይህ ልጅህ» ሲል አባቱ «ይህ ወንድምህ» ብሎ ያርመዋል (ሉቃ. 15፥30-32)። አንተም ስለ ጎረቤትህ ስታወራ ምን ብለህ እንደምትጠራው ለአንድ ሳምንት ራስህን አዳምጥ። ቤቱን ሲመርቅ ቀርተህ ከሆነ፣ ዛሬም አልረፈደም፤ ደስ እስኪልህ ሳትጠብቅ ሄደህ «እንኳን ደስ አለህ» በለው፣ ቡናውንም ጠጥተህ ተመለስ።