የተገባ ቃልና የገባ ገንዘብ

ልጆች፣ ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች ምክር ፈልገው ቤቴ መጡ። ለሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ሊያሰባስቡ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የትኛውን አርቲስት እንጋብዝ?" የሚል ነበር። ሳቄ መጣ። እኔም በእነሱ ዕድሜ የጠየቅኩት እሱኑ ነው።

በሒሳብ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ የስንቱ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ እንደነበርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የሚያሳፍረኝን ላውጋችሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍሎች ማሠሪያ ብለን ሆቴል ውስጥ እራት አዘጋጀን። መድረክ መሪው ምላሱ ማር ነው፤ አንዱ 50 ሺህ ሲል ሌላው 100 ሺህ ይላል፣ ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። በማግስቱ "ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ" ብዬ ያስነገርኩት እኔው ነኝ። የተሰበሰበ ነገር ግን የለም፣ ቃል ነው የተገባው። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ስልክ ስደውል ከረምኩ፤ አንዱ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላል፣ አንዱ ጭራሽ አያነሳም። እጃችን የገባው ሩቡ እንኳ አልሞላም፣ ከእሱም ላይ የአዳራሹና የእራቱ ሒሳብ ተነሳ። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። 20 እና 50 ብር ያዋጡ ወላጆች፣ ክፍሉ ሳይሠራ ሲቀር "በሉት" አሉ። ምን ብዬ ልከራከር?

ስለዚህ ሁለት መዝገብ ይኑራችሁ። አንዱ ለተገባ ቃል፣ ሌላው ለገባ ገንዘብ። ለሕዝብ የሚነገረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ቃል የገባ ሰው ካለም መቼ እንደሚከፍል እዚያው ጽፎ ይፈርም፤ ዛሬማ ቴሌብር አለ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ መክፈል ይችላል።

እድር ይህን ሁሉ ዓመት ለምን የቆየ ይመስላችኋል? ድንኳኑ ሲተከል ሁሉም ያየዋላ! የህዳሴ ግድብም ከመጋቢት 2003 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሲሰጥበት፣ በ8100 አጭር መልእክት ሲዋጣለት፣ ቦንድ ሲሸጥለት ኖሯል (ቦንዱ እንኳ ብድር ነው፣ ከስጦታ ጋር አታደባልቁት)። ያጉረመረመም ነበር። ግን "ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደረሰ" የሚለው ዜና እስከ ምረቃው፣ እስከ ጳጉሜ 2017 ድረስ ከጆሯችን አልጠፋም። እናንተም ግድብ ባትሠሩም "መደርደሪያው አለቀ፣ መጽሐፉ ቀረን" በሉ። ሥራው ከዘገየም መዘግየቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሰው ከሌላ ከሚሰማው።

ሌላው አካውንት ነው። በአንድ ልጅ ስም አትክፈቱ፣ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን። ልጁ ቢታመምስ? ቢጣላችሁስ? ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ፈራሚ ሦስት ይሁን። ውጭ ያለ ዘመድ ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ከከፈተላችሁም ገንዘቡ በማን በኩል፣ መቼ እንደሚደርስ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ተመዝግባችሁ ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለላችሁ፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ማለፍ የለበትም ይላል። ባትመዘገቡም ልኩን ያዙት፣ እኔን ያ እራት ነው ያስተማረኝ።

ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ከኪሴ 500 ብር አወጣሁ። "ደረሰኝ አላችሁ?" አልኳቸው። ተያዩ። ብሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩትና በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። ቡናውንም ያኔ እናፈላለን።