አርስቶትል እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በፍልስፍና ተመርቀሻል። ለማስተርስ ደግሞ የአርስቶትል አስተሳሰብ በመካከለኛው ዘመን ሃይማኖት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ልታጠኚ አስበሻል። ቤተሰብ ግን «ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል?» ብሎ ይዞሻል።

እውነት ለመናገር የቤተሰብሽ ስጋት ተገቢ ነው። ርዕሱ እንዲህ ሰፍቶ ከቀረ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። የአርስቶትልን ፍልስፍና ከክርስትና ጋር ሊያስታርቅ ስለሞከረው የካቶሊክ ሊቅ ስለ ቶማስ አኳይናስ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሞልቷል። አንቺ ግን ግዕዝ ታነቢያለሽ! እሱን በአንድ መስመር ማለፍሽ ገርሞኛል።

ይህ ታሪክ እኮ የተርጓሚዎች ታሪክ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ሁነይን ኢብን ኢስሃቅ የተባለ ክርስቲያን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የግሪክ መጻሕፍትን ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ መለሰ። የኮርዶባው (ስፔን) ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ አርስቶትልን ያብራራው ግሪክኛ ሳያውቅ፣ በዐረብኛ ትርጉም ነው። የእሱ ማብራሪያ በላቲን ፓሪስ ሲገባ ክርክሩ ጦፈ። አርስቶትል ዓለም መጀመሪያ የላትም ይላል፤ ኦሪት ዘፍጥረት የሚከፈተው ደግሞ «በመጀመሪያ» ብሎ ነው። አኳይናስ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በምርምር ማረጋገጥም ማፍረስም አይቻልም፣ የምናውቀው በእምነት ነው አለ። ነገሩ በዚህ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ 219 አሳቦችን አወገዘ።

የዐረብኛው መንገድ እኛም ጋ ደርሷል። የጠቢባን አባባሎች ስብስብ የሆነው መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። እዚያ የምታገኚው አርስቶትል ግን ምክር የሚለግስ ጠቢብ እንጂ ፓሪስን ያመሰው ተከራካሪ አይደለም። ለምን እንዲህ ሆኖ ደረሰን? እኔን ብትጠይቂኝ ርዕስሽ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ትምህርት አለው፤ አንድ አማካሪ ከዚያ፣ አንድ ከፍልስፍና ለመያዝ ሞክሪ። ዐረብኛ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ለጊዜው ማንበብ ይበቃሻል። ግዕዝና ዐረብኛ አጣምሮ የያዘ ሰው ጥቂት ነው። የብራና ካታሎግ፣ የትርጉምና የአርትዖት ሥራ፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ እንደ ሀምቡርግ ባሉ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከላት ለፒኤችዲ መወዳደር፤ በሩ ይሄ ነው። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ አያወፍርም፣ ይህንን ለቤተሰብሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የቤት ኪራይ ደግሞ ማስተርስ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ እስከዚያው የአርትዖት ሥራ ካገኘሽ አትናቂው።