ሆስፒታል ለአራስ ሕፃን የዱቄት ወተት ማቅረብ አለበት?
ሆስፒታሎች ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የዱቄት ወተት በነፃ ማቅረብ አለባቸው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ መልሴ ለሁሉም አይደለም፣ ለሚያስፈልገው ግን ያለ ማመንታት አዎን ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ደንብ የሚቃወመው አምራቾች ለእናቶች ናሙና ማደላቸውንና በጤና ተቋማት ውስጥ ማስተዋወቃቸውን ነው እንጂ፣ በሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን ወተት መስጠትን አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ እንገር ጥቂት በመሆኑ ብዙ እናቶች «ወተቴ አልመጣም» ብለው ይጨነቃሉ፤ አዲስ ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል። በዚያች ሰዓት ጡጦ ከማቀበል ይልቅ አዋላጇ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሕፃኑ የጡቷን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር እንዲጎርስ ብታስተካክልላት እጅግ ይሻላል።

እናትየው በወሊድ ከሞተች፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች ወይም ታልቦ የሚሰጠው ካልበቃ ግን ቤተሰቡን «ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» ማለት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ አባት በሌሊት ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ሕፃኑ ይራባል። ሆስፒታሉ ራሱ ገዝቶ ያስቀምጥ፤ ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነም ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባልቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦና አቀዝቅዞ በንጹሕ ኩባያ ይስጥ፤ ከመውጣታቸው በፊትም አዘገጃጀቱን ለአሳዳጊው በተግባር ያሳይ።