የአንባቢያን ጥያቄ፦ ተከራይ ለምን አይበረክትልኝም?

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ በግቢዬ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አከራያለሁ። ኪራይ አልጨመርኩም፣ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ተከራዮች ለቀቁብኝ። ሁሉም «ለሥራ የሚቀርብ ቤት አገኘን» ነው የሚሉት። ውኃ በየአምስት ቀኑ ትመጣለች፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለን። መብራት በአንድ ቆጣሪ ነው፣ ሒሳቡን በሰው ቁጥር እንካፈላለን። በር ማታ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምን ጎድሎባቸው ነው?

መልስ፦ «ለሥራ የሚቀርብ ቤት» የጨዋ ሰው መሰናበቻ ነው። መልሱን ራስዎ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ጽፈውታል።

ከውኃው እንነሳ። አንድ ሰው ቆጥቦም በቀን 40 ሊትር ያህል ይፈልጋል። የእርስዎን ቤተሰብ ጨምሮ በግቢው አሥር ሰው ካለ በቀን 400 ሊትር ነው፤ ሮቶው በሁለት ቀን ተኩል ይደርቃል። አራቱን ደረቅ ቀን ለመሻገር 1,600 ሊትር ያስፈልጋል፣ ማለትም አንድ ሌላ ሮቶ። ሁለቱን ከታች በቧንቧ ካገናኟቸው እኩል ከፍታ ላይ ያስቀምጧቸው፤ አንዱ ዝቅ ካለ የላይኛው ውኃ ወደ እሱ ወርዶ በአፉ ይፈሳል። እኛ ግን ሁለተኛው ለተከራዮቹ ብቻ ቢሆን እንመርጣለን፤ «ማን ልብስ አጥቦ ጨረሰው?» የሚለው ጭቅጭቅ ያበቃል። ሙሉ ሮቶ አንድ ቶን እንደሚመዝን አይርሱ፣ ማቆሚያው የዛገ ብረት ወይም እንጨት አይሁን። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የሽንት ቤቱን የውኃ ሳጥን ይፈትሹ። ጥቂት ቡና ጨምረውበት ግማሽ ሰዓት ሳይለቁት ይቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ከጠቆረ የሳጥኑ ጎማ አልቋል፣ ውኃዎ ሌት ተቀን እየፈሰሰ ነው።

መብራቱ ደግሞ ከውኃው የባሰ ያጣላል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት የሚበላው ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖልን ከ500 ሰዓት በላይ ያበራል። ታዲያ ዳቦ ገዝቶ የሚያድር ወንደላጤ ከምትጋግረው ጎረቤቱ እኩል ሲከፍል ዝም ቢልም ሆዱ ይቆጥራል። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚያበራውም በውድ ዋጋ ይከፍላል። ለየቤቱ፣ የራስዎንም ጨምሮ፣ ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥሙ። በየወሩ በአንድ ቀን ተከራዮቹ ባሉበት ያንብቡት። ሒሳቡ 1,200 ብር፣ የቆጣሪዎቹ ድምር 300 ከሆነ አንዱ 4 ብር ነው፤ 60 የተጠቀመ 240 ብር ይከፍላል። ድምሩ ከዋናው ቆጣሪ እጅግ ካነሰ ሳይቆጠር የሚያልፍ መስመር አለ ማለት ነው።

ምጣዱ የራሱ መስመር ይኑረው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 25 አምፒር ብሬከር። ምጣዱ 16 አምፒር ያህል ስለሚስብ በቀጭን ማራዘሚያ ሲሠራ ሶኬቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል።

የበሩን ነገር አናስረዝመው። ለእያንዳንዱ ቤት ቁልፍ ያስቀርጹ። የማታ ተማሪና የማታ ሠራተኛ 3 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ግቢ ውስጥ አይቆይም።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ኮንዶሚኒየሜን በ15,000 ብር አከራይቻለሁ። ተከራዩ ጥሩ ሰው ነው። ኪራይ ልጨምር አስቤ እንዳይለቅ ፈራሁ።

መልስ፦ ምን ያህል እንደሚጨምሩ የሚወስኑት እርስዎ ብቻ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ያላነሰ መሆን፣ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

በእጅዎ ያለው አነጋገሩ ነው። ሁለት ወር ቀድመው፣ በደላላ ሳይሆን ራስዎ ይንገሩት። በዚያው ሰሞን ሲያጉረመርምበት የቆየውን አንድ ነገር ያሠሩለት፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም ቢሆን። አለዚያ ይህን ያስሉ፦ ቤቱ አንድ ወር ተኩል ባዶ ቢቆይ 22,500 ብር ያጣሉ። ያሰቡት ጭማሪ 1,000 ብር ከሆነ ያን ገንዘብ ለመመለስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ቀለሙና የደላላው ሳይታሰብ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ተከራይ ነኝ። የፈነዳ ቧንቧ በ3,500 ብር አሠራሁ። አከራዬ እትዬ ግን ከኪራዩ አልቀንስም አሉኝ። ልልቀቅ?

መልስ፦ ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ከአጠቃቀም ጉድለት ያልመጣ ዋና ጥገና በሕግ የአከራይ ድርሻ ነው። ችግሩ ሳይነገራቸው ሒሳቡ ብቻ መምጣቱ ሳይሆን አይቀርም። ደረሰኙንና የተቀየረውን ዕቃ ያሳዩዋቸው፤ በአንድ ጊዜ ከከበዳቸው በሦስት ወር ከፋፍለው ይቀንሱልዎ። ለወደፊቱ ፎቶ አንስተው ይላኩ፣ የባለሙያውን ዋጋ ያሳውቁ፣ «እሺ» የሚለውን መልስ በስልክዎ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ያሠሩ። ለአከራዮችም አንድ ቃል፦ የሚፈስ ውኃና የሚጤስ ሶኬት በዕለቱ፣ የተበላሸ የበር ቁልፍ ቢበዛ በሁለት ቀን መልስ ማግኘት አለበት።