«ቤት ቆሞ ‹ቤት እንሂድ› ይለኛል»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግስቴ አልቋል። ለማን እንደምናገር ስለጠፋኝ ነው የምጽፍልሽ። የ26 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ኦቲዝም አለበት። እናታችን ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው።

ችግሬ መታጠቢያ ቤቱ ነው። መሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ። ወንድሜ ይገባል፣ ይቆልፋል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ አለቀ። አይታጠብም፣ ምንም አያደርግም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጠዋት ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲጣደፉ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጮሃሉ። ባለቤቴ ሥራ ይረፍድበታል። ማታም ያው ነው። አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ የሚሰማ የለም። ሲወጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አልፎኝ ይሄዳል። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ያላደረግኩለት የለም ብል አልዋሸሁም። ልጆቼን አንድ ክፍል አጋርቼ ለእሱ የራሱን ሰጠሁት። ግድግዳውን አስቀባሁ፣ አልጋ ቀየርኩ፣ ለእነሱ ጥሩ ነው ሲሉኝ ያንን ከባዱን ብርድ ልብስ ሳይቀር በውድ ገዛሁ። አጣጥፎ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ክፍሉን በየቀኑ የማስተካክለው እኔው ራሴ ነኝ። የመጣ ሰሞን ቆልፎ ስንጠራው ዝም ስላለን ባለቤቴ ደንግጦ የበሩን ቁልፍ ነቀለው እንጂ ሌላ የጎደለበት የለም። ልጆቹም ይወዱታል፤ እየገቡ ያጫውቱታል። ታዲያ ይህን የመሰለ ክፍል እያለው ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ምን ያስቀምጠዋል?

እናታችን እኮ ይህን ሁሉ አላደረገችለትም። አሮጌ ቤት፣ አሮጌ ወንበር፣ ሁልጊዜ ያው ሰዓት፣ ያው ሳህን፣ በቃ። እዚያ ግን እንዲህ አይሆንም ነበር።

ንግግር ላይ ብዙም አይደለም። መጻፍ ይሻለዋል፤ ስልኬ ላይ የሚልከው መልእክት ቁልጭ ያለ ነው። ማታ ማታ ግን ጫማውን አድርጎ የውጭው በር ጋ ይቆምና «ቤት እንሂድ» ይለኛል። እዚሁ ቤት ውስጥ ቆሞ። መጀመሪያ ላይ «ቤትህ እኮ ይሄ ነው» እለው ነበር። አሁን ዝም እላለሁ።

ታላቅ ወንድማችን «እኔ ጋ ላኪው» ብሏል። ባለቤቴም አፍ አውጥቶ ባይናገር ደስ የሚለው ይመስለኛል። ብልከው በደል ይሆንብኛል? የእኔ ቤትስ ለእሱ ቤት ያልሆነለት ምን ጎድሎት ነው?

ወረፋ የሰለቻት እህት

መልስ

እህቴ፣

በመጀመሪያ ቁልፉን አስመልሺ። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

«ባለቤቴ ቁልፉን ነቀለው እንጂ ሌላ የጎደለበት የለም» ብለሽ ወደ ልጆቹ አለፍሽ። እኔ ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አልቻልኩም። እስቲ ቤትሽን ዞር ዞር ብለሽ እዪው። ወንድምሽ ከውስጥ ሊዘጋው የሚችል በር የቀረው የት ነው? መታጠቢያ ቤቱ ብቻ። በአመፅ ወይም በንቀት እንዳይመስልሽ፤ በር ወዳለበት ነው የሄደው።

የ26 ዓመት ሰው ነው። ልጆች ሳያንኳኩ ይገቡበታል። አንቺ በየቀኑ ዕቃውን ታስተካክዪበታለሽ፤ በእሱ ዓይን ግን ትናንት ማታ ያኖረው ዕቃ ዛሬ ከቦታው ጠፍቷል። ይህን ባለቤትሽ ላይ አድርጊበትና ስንት ቀን እንደሚታገስ እዪ።

ከባዱን ብርድ ልብስ ገፋው ብለሽ አዝነሻል። አይፈረድበትም። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ብርድ ልብሱ እንቅልፋቸውን አላረዘመውም፤ ልጆቹና ወላጆቻቸው ግን ከተራው ይልቅ ወደውታል። ብዙዎች ወደዱት ማለት ግን ለሁሉም ይመቻል ማለት አይደለም፤ አንዱን የሚያረጋጋው ሌላውን ሊያፍን ይችላል። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር አለች፤ ራሷ ኦቲዝም ያለባት ናት። ሰው ሲያቅፋት አትችልም ነበር፤ ጥብቅ ብሎ መያዝን ግን ሰውነቷ ይፈልጋል። ገና በወጣትነቷ ከሁለት ጎን የሚጫናት መሣሪያ ለራሷ ሠራች። ምን ያህል እንደሚጫናትና መቼ እንደሚለቃት የምትወስነው እሷው ነበረች። አንቺ ለወንድምሽ ብዙ ነገር ሰጥተሽዋል፤ መወሰኛውን ግን በእጅሽ አስቀርተሻል።

ጨለማውና ውዝዋዜውም አያስደንግጥሽ። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ ከልክ በላይ መሰማት፣ ወይም እምብዛም አለመሰማት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መስፈርት ውስጥ ተጽፏል። መቅበጥ አይደለም። አሮጌው ዓይነት ፍሎረሰንት መብራት በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሠራ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ እኔና አንቺ አናየውም፣ የሚረብሸው ሰው አለ። የፍሪጅ ጉምጉምታ፣ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ ሁለት ሕፃናት ሲሯሯጡ፤ ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ሰው ጸጥ ያለ ጨለማ ይፈልጋል። መወዛወዙ ደግሞ ራሱን የሚያረጋጋበት ነው፤ አታስቁሚው። ሲወጣ ዝም ብሎሽ ማለፉም ንቀት አይደለም። ተረጋግቶ ወጣ፣ አለቀ። ያ ደግሞ ደህና ዜና ነው።

የባለቤትሽ ድንጋጤ ይገባኛል። ተቆልፎ ዝም ያለ ሰው ያስፈራል። መፍትሔው ግን ቁልፍ መንቀል አይደለም። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ለክፉ ቀን ከውጭ በሳንቲም ጠርዝ የሚከፈት የበር ቁልፍ አለ፤ ብዙ መታጠቢያ ቤት ላይ የሚገጠመው ነው። ከዚያ ተስማሙ። ስታንኳኩ ሁለቴ መልሶ ያንኳኳል፣ ወይም በስልክ «ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፋል። በጭንቅ ሰዓት አፍ ማውጣት የሚያቅተው ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ ይችል ይሆናል። ልጆቹም አንኳኩተው፣ «ግቡ» ሲባሉ ብቻ ይግቡ። ጽዳቱን ለእሱ ተዪለት። ቢዝረከረክም የእሱ ዝርክርክ ነው።

የጠዋቱን ወረፋ በጩኸት አትፈቺውም። ማን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የእሱንም ተራ ጨምረሽ፣ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊ። ሰዓቱን ከሁላችሁም በላይ የሚያከብረው እሱ ቢሆን አይግረምሽ። ቁልፉ በተገጠመ ማግሥት መታጠቢያ ቤቱን ይለቃል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ክፍሉን ማመን ጊዜ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ እናታችሁ። «ይህን ሁሉ አላደረገችለትም» ትያለሽ። ያው ሰዓት፣ ያው ሳህን፣ ያው ወንበር ምንም ነው እንዴ? ነገ ምን እንደሚመጣ ሳይጨነቅ የሚውልበትን ቤት ሰጥታው ነበር እኮ! ያ አሮጌ ወንበር የት ደረሰ? አልጻፍሽልኝም። ካልተጣለ ዛሬውኑ አስመጪው። ካስቀባሽው ግድግዳ ጋር አይሄድም፤ አይሂዳ።

«ቤት እንሂድ» ሲልሽ ምን ማለቱ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። እናቱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። እናቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ለቅሶውን ማን አብሮት አለቀሰ? ደክሞኛል፣ ጫጫታው በዛብኝ ማለቱም ሊሆን ይችላል። የሚያውቀው እሱ ነው፤ መጻፍ ደግሞ እንደሚችል አንቺው ነግረሽኛል። አንቺ ለእኔ ጻፍሽ፣ ከታላቅ ወንድምሽ ጋር መከርሽ፣ የባለቤትሽን ፊት አነበብሽ። እሱን ጠየቅሽው? በዚህ በዚህ ተቆጥቼሻለሁ።

በሩ ጋ ቆሞ ሳለ አትጠይቂው። ቀን ላይ፣ በመልእክት፣ ጥያቄውን አንድ በአንድ ላኪለት። «ምን ትፈልጋለህ?» ሰፊ ነው፤ የት እንደሚጀመር ያጠፋል። «ከቤታችን ድምፅ የሚረብሽህ የቱ ነው?» «ከእማዬ ቤት ምን ይምጣልህ?» «ክፍልህ ውስጥ የማይነካ ነገር የቱ ነው?» መልሱ በሁለተኛው ቀን ቢመጣም ጠብቂ። እስከዚያው ማታ ጫማውን አድርጎ ሲቆም «እማዬ ናፈቀችህ? እኔም ናፍቃኛለች» በይውና አብረሽው ቁሚ። የውጭው በር ላይ ሲከፈት የምትጮህ ትንሽ ደወል ስቀዪ፤ ብቻውን እንዳይወጣ ሥጋት ካለሽ ያስተኛሻል።

መላኩን በተመለከተ አልደብቅሽም፣ እኔ ወደ ማቆየቱ አደላለሁ። አንዴ ቤቱን አጥቷል፤ ቁልፍ ያለው በር እንኳ ሳይሞከርለት ሁለተኛ ቤት ማስለቀቅ ይከብደኛል። ራሱ «ወንድሜ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ብሎ ከጻፈልሽ ግን በደል የለብሽም። አስቀድሞ ቤቱን ይየው፣ ይደርበት፣ የሚሄድበት ቀን ተጽፎ ይሰጠው። ሻንጣውን በድንገት ሸክፈሽ እንዳታወጪው አደራ።

ይህን መልስ ለባለቤትሽም አስነብቢው። ከተቀየመ በእኔ ይቀየም፤ ቁልፉን ግን እሱው ራሱ ይግጠመው።