የቆሻሻ አመድ ሲሚንቶ ፌሮዬን ይበላብኛል?

ጥያቄ፦ ጃፓኖች የከተማ ቆሻሻ አቃጥለው አመዱን ሲሚንቶ ያደርጉታል ሲባል ሰማሁ። የእኛም ረጲ ማቃጠያ ስላለ ነገሩ ደስ አለኝ። ቤቴን የሚሠራልኝ ፎርማን ግን «እትዬ፣ አመዱ ጨው አለበት፣ ፌሮ ይበላል» ይለኛል። ማንን ልመን?
ቤት ጀማሪዋ፣ ከአያት

መልስ፦ ፎርማንዎ ልክ ነው፣ ጃፓኖቹም አልዋሹም።

ጨው የሚሠራው ክሎሪን በቆሻሻው ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ከወጥ ትርፍራፊው፣ ከፒቪሲ ቱቦው፣ ከሽቦ ልባሱ። ሲነድ ክሎሪኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ለማጣሪያ የሚረጨው ኖራ ይይዘዋል። ስለዚህ ከጭስ ማጣሪያው የሚለቀመው ደቃቅ አመድ ከመቶ 10 እጅ በላይ ክሎራይድ (ፌሮ የሚበላው የጨው ክፍል) ሊኖረው ይችላል። ከምድጃው ሥር የሚወርደው በጣም ያነሰ ነው።

እኔ ጨውን የጠላሁት ግን በፌሮ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስሠራ፣ አንድ ሌሊት የታችኛው ሳይክሎን (የጥሬ ዕቃው ዱቄት እቶን ከመግባቱ በፊት የሚሞቅበት ጋን) ተደፈነና እቶኑ ቆመ። በረጅም ብረትና በታመቀ አየር ስንቆፍር ነጋ። ከጥሬ ዕቃው አንዱ ጨዋማ ነበር። ክሎራይድ በእቶኑ ሙቀት ይተንና ላይ ሲበርድ ረግቶ ዱቄቱን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል።

ጃፓኖች ይህንኑ ጠባዩን ተጠቀሙበት። በቺባ ኢቺሃራ ከ2001፣ በቶኪዮ ምዕራብ ሂኖዴ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አመዱን በሲሚንቶ እቶን ከ1,300 ዲግሪ በላይ ያነዱታል። ክሎራይዱ እርሳስና መዳብ አስከትሎ ይተናል፤ ጋዙን አቀዝቅዘው አቧራውን ይለቅማሉ፣ ብረታ ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በሲሚንቶው ውስጥ የሚቀረው ክሎራይድ ለተለመደው ዓይነት ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ደረጃቸው ይደነግጋል። ከ0.5 እስከ 1.5 በመቶ የሚፈቀድለት ፈጥኖ የሚጠነክር ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን ፌሮ ለሌለው ሥራ ነው። ሌላ ቦታ አመዱን ቀድመው በውኃ ያጥቡታል፣ ከዚያ በኋላ ጨዋማው እጣቢ ሌላ ራስ ምታት ይሆናል።

ስለዚህ በእቶን ያለፈውንና ጥሬውን አመድ እንደ አንድ አይቁጠሩ። ጥሬ አመድ ከሲሚንቶ ጋር ለውሶ ለኮለንና ለቢም የሚያቀርብልዎት ሰው ቢመጣ ይመልሱት፤ ክሎራይድ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ይበሳዋል። ፌሮ በሌለው ብሎኬት ውስጥ ጨው ያን ያህል አያሰጋም፤ እዚያ የምፈራው በጥሬው አመድ ውስጥ ያለውን የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ነው፤ ከሲሚንቶው ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ይለቅና ብሎኬቱን አሳብጦ ይሰነጥቀዋል።

ከጠረጠሩ ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ላቦራቶሪ ይውሰዱ። በተጣራ ውኃ ዘፍዝፈው ያጠሉታል፣ ናይትሪክ አሲድ ጨምረው ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ያደርጉበታል። ውኃው እንደ ወተት ከነጣ ክሎራይድ አለበት፤ መጠኑንም እዚያው ያስለኩት።